ዝናቡ አሳደገኝ፣ ፀሐይዋ አስቀረችኝ

"ይህን ሁሉ ጥለህ?" አሉኝ አጎቴ። በረንዳው ላይ ቆመን እጃቸውን ከኮረብታው ጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግተው ያሳዩኛል። ጎሬ ነን፣ ኢሉባቦር። ወሩ መስከረም ነው፤ ሌላው አገር በአደይ አበባ ሲደምቅ እኛ ዘንድ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። ከጓሯችን የሚጀምረው ጫካ ቁልቁል ወርዶ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ከዋንዛውና ከቀረሮው ሥር ቡናው ቅጠሉ ታጥቦ ያበራል። አጎቴ በቁጣ አልተናገሩም። ነገሩ በእውነት አልገባቸውም። ሰው እንዲህ ያለ ምድር ላይ ተወልዶ፣ ውሃው፣ ማሩና ቡናው ደጁ ድረስ መጥቶለት፣ በገዛ ፈቃዱ ድሬዳዋ ሄዶ አሸዋና አቧራ ላይ ለምን ይኖራል?

"ሥራዬ እዚያ ነው ጋሼ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉኝ። እኔ ግን መልሴን አልተቀበልኩትም። ሥራው ሰበብ ነው። ነገ ያንኑ ሥራ በዚያው ደመወዝ መቱ ላይ ቢሰጡኝ ድሬዳዋን እንደማልለቅ አውቃለሁ። ጥያቄያቸው ከመቱ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አብሮኝ ተጓዘ፤ ከደረስኩም በኋላ አልተወኝም። ቀን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሳስቆጥር፣ ማታ ደጅ ተቀምጬ ሻሂ ስጠጣ ይመጣብኛል። ለእሳቸው የሚገባቸውን መልስ እዚህ ልሞክረው።

ቡና የማይደርቅበት አገር

ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ከፍታ የእኛን ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውንም እኛው ላይ ያራግፋል። በመጋቢት ይጀምራል፤ በጥቅምትም ላያባራ ይችላል። አጎቴ በዚህ ይኮራሉ፤ ታሪክም ይጠቅሳሉ። ጣሊያን አዲስ አበባን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ ጎሬ ተዛውሮ ነበር፤ ጠላት ጎሬን የያዘው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። "ጭቃችን ነው ያቆመልን" ይላሉ። የጭቃውን ድርሻ ማንም ሊክዳቸው አይችልም።

እኔ ግን ያንን ጭቃ ከሥሩ አውቀዋለሁ። ያደግሁት ከቡና ጋር ነው። በኅዳር ቀይ እሸት ለቅመን፣ ደጃችን ላይ አስጥተን፣ ሰማይ ሰማይ እያየን እንውላለን። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከበስተምዕራብ ሲነሣ እናቴ ከወጥ ቤት፣ እኛ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ሳይቀር እንሮጣለን፤ አንዱ ሸራ ይጎትታል፣ አንዱ በእጁ ይሰበስባል፣ አንዱ ድንጋይ ይጭናል። የደረስንለት ይተርፋል። ያልደረስንለት በማግሥቱ ይሞቅና የኮመጠጠ ሽታ ያመጣል፤ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ይነካዋል። አባቴ ያን ቡና በመዳፉ ዘግኖ ሲያሸተው ፊቱ ላይ የማየውን ነገር አልረሳሁም። የዓመት ልፋት ነው። ነጋዴው ዘንድ ሲደርስ ከዋጋው የሚቀነሰው በዝናቡ ነው እንጂ በእሱ ስንፍና አልነበረም፤ ሆኖም የሚያፍረው እሱ ነበር።

ከቡናው ሌላ ደግሞ ቤቱ አለ። ደብተሬ ይሻግታል። ያጠብነው ልብስ እሳት ዙሪያ ተሰቅሎ ጭስ ጭስ እያለ ይደርቃል። እርጥብ እንጨት አይነድም፣ ይጨሳል፤ የእናቴ ሳል ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ ይዘልቃል። ሰው ሲታመም መኪና እስከሚደርስበት መንገድ ድረስ በቃሬዛ ይወሰዳል፤ ተሸካሚዎቹ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ በየተራ ይቀያየራሉ። አረንጓዴውን ከመኪና መስኮት የሚያየው ሰው "እንዴት ያለ ውበት!" ይላል። እውነቱን ነው፤ ውበት ነው። የሶርን ፏፏቴ ቆሞ ያየ ሰው ቃል ያጥረዋል። የያዩ የቡና ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው በሚጠበቁበት ቦታነት፣ ከመዘገባቸው አንዱ ነው፤ የዓለም ቡና የዘር ሐረግ እዚያ ዛፍ ሥር እየበቀለ ነው። ይህን ሁሉ አከብራለሁ። ግን የውበቱን ዋጋ በየቀኑ በእግሩ የሚከፍል ሰው እንዳለ የሚናገር አላገኘሁም።

ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣቱ ስለከበደው ከተራራው ግርጌ ያለውን ሜዳ መረጠ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ዝናቡ ከኋላዋ ያሉት ተራሮች ላይ ወርዶ ያልቃል። ለእርሷ የሚደርሳት ትራፊው ነው፤ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል።

መጀመሪያ የመጣሁት ግንቦት ላይ ነው፤ ከመኪናው ስወርድ አየሩ ፊቴን ገፋኝ። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ 35 ዲግሪ የተለመደ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተኛት አቃተኝ። ከዚያ ግን ሰውነቴ ከአእምሮዬ ቀድሞ የተረዳው ነገር ነበር፤ እዚህ ላብ ይደርቃል። እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ሰዎች አልጋቸውን ደጅ እንደሚያወጡ አየሁ፤ እኔም አወጣሁ። ከጅቡቲ የሚመጡ ሾፌሮች በእኛ ሙቀት ይስቃሉ። እዚያ ሙቀቱ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ተጣብቆ ቆዳ ላይ ይቀመጣል፤ የድሬ ሙቀት ግን ጥላ ውስጥ ሲገቡ ይለቃል። አንድ ዛፍ እዚህ ያለው ዋጋ ጎሬ ውስጥ ሙሉ ጫካ የለውም። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር አስበው፤ ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎች ከመንገዱ በላይ ተገናኝተው ሰው ከቤቱ እስከ ሥራው በጥላ ይሄዳል። እነዚያን ዛፎች ሰው ተክሎ፣ ሰው አጠጥቶ ነው ያሳደጋቸው።

ሥራዬ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። የሐረርጌ ቡና አብዛኛው ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው። እርጥበቱ ከመቶ 12 ገደማ ላይ ሲደርስ ጥሩ ይቀመጣል፤ ከዚያ ካለፈ መከራ ነው። መለኪያው ላይ ፍሬውን ስጨምር፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ፣ ጆንያው ከወራት በኋላ ሲከፈት ያንኑ ደረቅ የፍራፍሬ ሽታ ሲሰጠኝ፣ አባቴ ይህን አየር ለአንድ ወር ብቻ ተበድሮ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም። ደረቅ አየር ሀብት ነው። ማንም በሀብትነት ስለማይቆጥረው ይገርመኛል፤ ውሃ ያለው አገር ሀብታም፣ የሌለው ድሃ ተብሎ ይደመደማል። ቡና ያስጣ፣ በርበሬ ያደረቀ፣ ሥጋ ቋንጣ ያደረገ ሰው ግን ፀሐይ የምትሠራውን ሥራ ያውቃል።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ቅርጽ አለው። ማለዳ ገና ብርሃን ሲሆን ከተማው ይነሣል። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ይጋደማል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ሁሉ ይከፈታል፤ ምንጣፍ ደጅ ይነጠፋል፣ ሻሂ ይፈላል፣ ልጆች ይለቀቃሉ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ሁሉ አንድ ሳሎን ነው። የሚያልፍ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም፤ ሰላም ካለ ደግሞ ይቀመጣል።

የሐምሌው ሌሊት

ነገሩ ለእኔ የተለወጠው ግን በሙቀት አይደለም። በዝናብ ነው።

አንድ የሐምሌ ሌሊት ወደ 8 ሰዓት ገደማ የቆርቆሮ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዝናብ! ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልቤ በደስታ ዘለለ። ለጎሬ ልጅ ይህ ድምፅ የእናት እሹሩሩ ነው፤ ሕፃንነቴን ሙሉ ከዚያ በታች ተኝቻለሁ። የአቧራው ሽታ ተነሥቶ ክፍሌን ሞላው። በሩን ከፈትኩና በባዶ እግሬ ወጥቼ ዝናቡ ሥር ቆምኩ።

ያኔ ነው መንገዱን ያየሁት። መብራት ሁሉ በርቷል። ሰው ሁሉ ደጅ ነው፤ ግን ማንም አይስቅም። ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማ አጥልቀዋል። ሴቶቹ የተኙ ልጆችን አዝለው ከፍ ወዳሉት ቤቶች ያሸጋግራሉ። ጎረቤቴ የሆኑት እማማ በራፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ። የቤት ካርታቸውና የልጆቻቸው ወረቀት እንደሆነ በኋላ አወቅሁ።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ ዘነበልን!" አልኳቸው። በድሬ አንቱታ ብዙም የተለመደ አይደለም፤ እኔ ግን አልተውኩትም፣ እሳቸውም ሌላ ጊዜ ይስቁብኝ ነበር። ያን ሌሊት አልሳቁም።

"ዝም በልና አድምጥ" አሉኝ።

አደመጥኩ። የሰማሁት የቆርቆሮውን ድምፅ ብቻ ነው። እሳቸው የሚያደምጡት ግን ከዚያ ማዶ ያለውን ነበር፤ ደቻቱን። ደቻቱ ከዚራን ከመጋላ ሰፈር የሚለይ ደረቅ ወንዝ ነው። በዓመቱ አብዛኛው ቀን አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ላይኛው አገር ላይ ሲዘንብ ግን ውሃው ተራራውን ይዞ ይወርዳል። ከመታየቱ በፊት ይሰማል ይላሉ፤ ድንጋይ ሲንከባለል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ይህን እንደማንኛውም ሰው በዜና አውቀው ነበር። ያላወቅሁት፣ እማማ እህታቸውንና የእህታቸውን ልጅ በዚያ ሌሊት ማጣታቸውን ነው። እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ዓይናቸውን ከተራራው ሳይነቅሉ ነገሩኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፤ "ፀሐይቱ አብራን ኖራለች፣ ገድላን አታውቅም። እኔ የምፈራው አንተ የምትወደውን ነው።"

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ወደ ቤት ገብቼ ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ወንበር ይዤ ወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከአወዳይ ጫት ጭነው ከከተማዋ በላይ ባለው በደንገጎ ተራራ በኩል ሌሊት ሌሊት የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ፤ አንድ የሰፈር ወጣት ከመካከላቸው የሚያውቀውን እየደወለ ይጠይቃል። "ደንገጎ ላይ ይዘንባል ወይስ አቁሟል?" መልሱን ጮክ ብሎ ለመንገዱ ሁሉ ይናገራል። "አሁንም አለ!" ... "ቀለል ብሏል!" ... ሰዉ በዚያ ድምፅ ይተነፍሳል። ንጋት ላይ ወንዙ መጣ፤ ቡናማ ነበር፣ ከጎርፉ በኋላ በተሠራው የመከላከያ ግንብ ውስጥ ተወስኖ አለፈ። ያን ሌሊት ማንም አልተጎዳም። ረፋዱ ላይ መንገዱ ደርቆ ነበር።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስለ ሰው ሽንገላ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ያን ሌሊት ግን የሚስቀው እኔ፣ ሊወሰድ የሚችለውም ያ ሰፈር ነበር።

ስለ በር

ከዚያ ሌሊት ውስጥ እስካሁን የማስበው ጎርፉን ብቻ አይደለም። ሰዉ ደጅ መሆኑን ነው።

ጎሬ ላይ ሲዘንብ በር ይዘጋል። ሊዘጋም ይገባዋል። አባቴ በክረምት ታሞ በተኛ ጊዜ ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ ከማንም በላይ የሚወዱን ጎረቤቶች፣ መታመሙን የሰሙት ወንዙ ጎድሎ መሻገር ከተቻለ በኋላ ነው። ሲሰሙ እየሮጡ መጡ፤ እህልም ማርም ይዘው። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ደግነታቸው ከማንም አይተናነስም። ግን ደግነትም መንገድ ይፈልጋል። "ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት" ይባላል፤ ዝናቡ ቅርብ ያለውንም ጎረቤት ያርቀዋል። በድሬዳዋ ሰው ቢታመም ማታ ደጅ አለመውጣቱ ብቻ ይናገርበታል። "ዛሬ ምነው አልተቀመጠም?" ተብሎ በሩ ይንኳኳል። እኔም ይህን አይቻለሁ፤ በወረርሽኙ ጊዜ።

ስለ ወረርሽኙ መናገር ግዴታዬ ነው፤ ሙቀቱን ስወድ የሚያስከፍለውን እንደማላውቅ እንዳልመስል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን አጥለቀለቀው። ብዙ ሺህ ሰው ታመመ፤ መገጣጠሚያ የሚቆልፍ በሽታ ነው፣ ጠንካራ ጎልማሶች ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ ይታይ ነበር። እኔም ተኛሁ፤ ጆንያ የሚያነሣ እጄ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ጭቃ ውስጥ አይደለም፤ ቤት ውስጥ በሚከማች ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜልና በጀሪካን ውስጥ ነው። ውሃ የሚከማቸው ደግሞ ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ ነው። እንግዲህ ደረቅነቱ በዚህ በኩል ይጎዳል፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። በእነዚያ ቀናት ግን አንድም ቀን ብቻዬን አልዋልኩም። እማማ ራሳቸው እያነከሱ ሾርባ ያመጡልኝ ነበር።

አጎቴ "ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ" ይላሉ። ወንዜን አልካድኩም። ነገር ግን ብዙ ሰው በአየር ጠባይ ላይ ያለውን ምርጫ የዓይን ምርጫ አድርጎ ያየዋል፤ አረንጓዴ ያምራል፣ ቡኒ አያምርም፣ አለቀ። እኔ የምመርጠው አየሩ ሰውን የሚያውልበትን ቦታ ነው፤ ደጅ ወይስ ጓዳ። አንዳንዱ ሰው ጓዳውን ይወዳል፤ ታላቅ ወንድሜ እንደዚያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ መጽሐፉን ይዞ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ፊቱ ላይ የማየው ሰላም ከዚህ ከተማ በምንም አይገኝም። እሱን ድሬዳዋ ላምጣህ ብለው በደል ይሆንበታል። በልጅነቴ እኔ ከዚያው ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ዝናቡ እስኪያባራ በመስኮት እጠብቅ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ እሳት፣ አንድ እናት ነው ያሳደገን።

ላይኛውና ታችኛው

አንድ ነገር ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ በፍጹም አልቀበልም፤ አረንጓዴውንና ደረቁን አገር ሁለት ተቀናቃኞች አድርጎ መናገርን። ድሬን የሚያስፈራው ውሃ የሚመጣው ከተራቆቱት ላይኛ ተዳፋቶች ነው። ደንገጎ ላይ ዛፍ ቢኖር፣ እርከን ቢጠበቅ፣ ውሃው ቀስ ብሎ ወርዶ አሸዋው ይጠጣው ነበር። እማማ በሰላም እንዲተኙ ዛፉ መተከል ያለበት ድሬ ላይ ብቻ አይደለም፤ እሳቸው ረግጠውት በማያውቁት ኮረብታ ላይም ነው።

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ከላይ፣ በደጋው ላይ፣ ለሐረር ውሃ ሲሰጥ የኖረ ነበር። ሐይቁ ሲነጥፍ ሐረር ተጠማች፤ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ሕዝብ ብዛት የሚታወስ ነው። በኋላ ውሃ የተገኘላት ከየት ነው? ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከዚህ ከተናቀ ደረቅ ሜዳ ሥር፤ ከጉድጓድ ተስቦ በቧንቧ ሽቅብ ወደ ደጋው ወጣ። ያ ውሃ የተራራው ዝናብ ነው፤ በአሸዋው ሠርጎ ዓመታት ተቀምጦ የጠበቀ። ይህን ሳስብ አሸዋ ላይ ለምን ትኖራለህ ለሚሉኝ ሰዎች አሸዋው የሚያኖረውን ልነግራቸው እወዳለሁ።

አሁን ሳቢያን በኩል፣ ከደቻቱ ራቅ ባለ ቦታ፣ ቤት ልሠራ ነው። ግንቡ ሳይጀመር የኒም ዛፍ በምዕራብ በኩል እንድተክል ያዘዙኝ እማማ ናቸው፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ያንን ግድግዳ ነውና ቤቱ እስኪያልቅ ዛፉ ቁመት ያገኛል ይላሉ። ከጓዳው በረንዳው እንዲሰፋ ለአናጢው ነግሬዋለሁ፤ አንዲት ክፍል ለእናቴ ትሆናለች። ሐኪሙ ጭስና እርጥበት ከሳሏ እንዲርቅ ስላዘዘ ከሰኔ እስከ መስቀል ከእኔ ጋር ልትቆይ ተስማምታለች። ግንቦትን ግን አልሞክርም ብላለች፤ እኔም አላስገድዳትም።